ሽማግሌ ያስላከ ኮምፒውተር

ናይሮቢ መሃል ከተማ ምግብ ቤት ያላቸው ጋሽ ታደሰ ሙዚቃ የሚያጫውቱበትን አሮጌ ኮምፒውተር ቫይረስ በላባቸው። እኔም "በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ልጫንበት፣ እንደ አዲስ ይሮጣል!" ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩና ቀለል ያለውን ዓይነት ጫንኩት። ለካ በጣም ከመቅለሉ የተነሳ ሙዚቃ ማጫወቻ እንኳ የለውም! ማታ ደግሞ የልጃቸው የቀለበት ግብዣ ነው። ቤቱ ኢንተርኔት ስለሌለው ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ጊጊሪ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ቢሮ ድረስ በርሬ ማጫወቻውን በፍላሽ አመጣሁ። ኮምፒውተሩ "ሌላ አጋዥ ፕሮግራም ካልመጣ አልጭንም" አለ። ተመልሼ አመጣሁለት። "ይሄኛውም የራሱ አጋዥ አለው" አለኝ።

ላብ አጥምቆኝ ጭንቅላቴን ስይዝ ጋሽ ታደሰ ከጀርባዬ በሳቅ ፈነዱ። "ይሄማ የኔ ቢጤ የሴት አባት ነው! ልጄን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች 'አጎቱስ? የንስሐ አባቱስ?' እያልኩ ስመልስ አልነበር? መጨረሻ ላይ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጠቅልለው መጡ። አንተም ጠቅልለህ አምጣ እንጂ!"

እውነታቸውን ነው! ጊጊሪ ተመልሼ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ከነአጋዦቻቸው ያሉበትን ሲዲ ይዤ መጣሁ። ትእዛዙን ስሰጠው መስመሮቹ እየተከታተሉ ስክሪኑን ሞሉት፤ አንድም እንቢታ የለም። ወዲያው ስፒከሩ በሰርግ ዘፈን ሲያስተጋባ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። ጋሽ ታደሰ ግን አልዘለሉም። ኮታቸውን ቆልፈው ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆሙና፣ በኮምፒውተሩ ቦታ ልክ እንደ ሴት አባት ሆነው፣ "እንግዲህ ሽማግሌዎች፣ ልጃችንን ሰጥተናል!" አሉ። ማድ ቤት ያሉት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።