ጥላሸት ያልነካው ድስት

ያን ድስት ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። የጎረቤቴ የየሺ ልጅ ስትዳር፣ ሙስሊሟ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ እንደ ወጉ ድስታቸውን ተሸክመው መጡ። አንዳችን ያረድነውን ሌላው ስለማይበላ፣ በየድግሳችን አንድ የጉና በግ ለሙስሊሞቹ ይሰጣል፤ የእትዬ ዘይነባ ባል ያርዳሉ፣ እሳቸው ወጡን ይሠራሉ።

የሺ በር ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ ዘንድሮ በጉ ቀርቷል። ለእናንተ ሽሮ አሠርተናል፤ ምን ያደክምዎታል?» አለች።

«ደከመኝ አልሁሽ? ልጅቱ ክርስትና ስትነሣስ የሠራሁት እኔ አይደለሁ?»

የሺ ጓዳ ገባች። እትዬ ዘይነባ ሽሮውን ቀምሰው፣ ሙሽራዋን መርቀው ወጡ። ተከትያቸው፣ «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» ብላቸው፣

«እንግዳ ሆኜ ዋልሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ድስቱ ጥላሸት እንኳ ሳይነካው በእጃቸው ነበር።