የእማማ አስካለ ቃል

የምስክር ቃል እየተሰማ ሳለ የችሎቱ ኮምፒውተር ድንገት ጠፍቶ ዳኞቹ ለከሰዓት ቀጥረው ተነስተዋል፤ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይዘሮ ትርሲት ወጣቱን የኮምፒውተር ባለሙያ ይትባረክን ከችሎቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግታ ይዛዋለች።

ትርሲት፦ መብራት ሄደ ትላለህ፤ አለቀ። ሰብሳቢ ዳኛው ሲያስጠሩህ ከዚህ ሌላ ካፍህ እንዳይወጣ።

ይትባረክ፦ አምፖሉ እየበራ?

ትርሲት፦ ማን አምፖል ያያል?

ይትባረክ፦ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይዞር ነበር፣ ወይዘሮ ትርሲት። የተከሳሹ ጠበቃ ስልኩን ሶኬት ላይ ሰክቶ ቻርጅ ያደርግ ነበር። ለሱ ነው መብራት ሄዶ ነበር የምለው?

ትርሲት፦ እንግዲያው ገመዱ ላልቶ ነው በል። ባለሙያው አንተ አይደለህ? የማይገባቸውን ነገር ቀላቅለህ ንገራቸው፤ ለኔ ስታስረዳ እንደምታደርገው።

ይትባረክ፦ ገመዱ አልላላም። የተጫነው ዊንዶውስ የሙከራ ነው፤ ጊዜው አለቀ። ጊዜው ሲያልቅ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል። ዛሬ አጠፋ። ይህ ደግሞ የማይገባ ነገር የለውም።

ትርሲት፦ እና አክቲቬት አታደርገውም? ቁልፍ ምናምን የምትሉት አስገባበትና ይሂድ!

ይትባረክ፦ የትኛውን ቁልፍ? አቅራቢው "ሙሉ ላይሰንስ አለው" ብሎ አስረከበን እንጂ አንድም ቁልፍ አልሰጠንም። ቢኖረንም የሙከራው ቅጂ ቁልፍ አይቀበልም። እንዳለ ተነቅሎ ትክክለኛው እንደ አዲስ መጫን አለበት።

ትርሲት፦ የድምፅ ቅጂውስ?

ይትባረክ፦ እሱም እዚያው ላይ ሲቀረጽ ነበር። ቀረጻው ሳይዘጋ ማሽኑ ስለጠፋ ፋይሉ አይከፈትም። ካቋረጣችሁ ጀምሮ ስታገለው ነው የቆየሁት። የችሎቱ ጸሐፊ ሠናይትም የጻፈችውን አላስቀመጠችም።

ትርሲት፦ ሠናይትን እንዳታነሳ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው የጻፈችው።

ይትባረክ፦ እኔ ማንንም አላነሳሁም። የሆነውን ንገረኝ አሉ፤ ነገርኩዎት። ዳኛውም ሲጠይቁኝ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።

ትርሲት፦ ከዚያ ያ ጠበቃ ምን እንደሚል ልንገርህ? "የፍርድ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሕጋዊ አይደሉም፤ በነሱ የተጻፈ የምስክር ቃል ሁሉ ይመርመርልኝ" ይላል። ከዚያ የትናንቱ ይነሳል፣ ያለፈው ወሩ ይነሳል። ስንት ሰው ዳግመኛ ተጠርቶ ሊመጣ ነው? ሲጠሩት የሚመጣውስ ስንቱ ነው? አንተ እውነት ተናገርኩ ብለህ ቤትህ ገብተህ ትተኛለህ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚተኛ አይኖርም።

ይትባረክ፦ ለምስክሮቹ አዝነው ነው?

ትርሲት፦ ለማን መሰለህ?

ይትባረክ፦ ለፊርማዎ። ርክክቡ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው? ዕቃው ሲወርድ እዚህ ነበርኩ። ስክሪኑ ጥግ ላይ "የሙከራ ቅጂ" የሚለውን ጽሑፍ በጣቴ እየጠቆምኩ አሳየሁሽ። አንቺ ግን ፈረምሽ!

ትርሲት፦ አንቺ?

ይትባረክ፦ ማለቴ…

ትርሲት፦ አብሮ አደግህ ነኝ? እስቲ ድገማት።

ይትባረክ፦ ይቅርታ። አሳየሁዎት፤ እርስዎ ግን ፈረሙ። አክብሬ ብናገረውም ነገሩ ያው ነው።

ትርሲት፦ በማግስቱ የኮምፒውተሮቹ ምረቃ ነበር። ድንኳን ተተክሏል፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሪባን ሊቆርጡ ነው። ቆይ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ጥግ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አይቷል ልበላቸው?

ይትባረክ፦ አዎ። እንደዚያ ነበር የሚባለው።

ትርሲት፦ ያንን ጽሑፍ በኋላ ከስክሪኑ ላይ ማን ደበቀው?

ይትባረክ፦ "ይህን አስቀያሚ ነገር አንሳልኝ" ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ትርሲት፦ አንሳልኝ አልኩህ እንጂ ደብቅልኝ አልኩህ?

ይትባረክ፦ የሚነሳው ላይሰንስ ሲገዛ ነው አልኩዎት። "የግዢን ነገር ለኔ ተወው" አሉኝ። ተውኩት። እስኪገዛ ብዬ የሙከራውን ጊዜ ሁለቴ አራዘምኩት። ማራዘሚያውም መጨረሻ አለው፤ አለቀ።

ትርሲት፦ አለቀ! በል፣ አሁን የምልህን አድርግ። እንደዚህ ዓይነት ማሽን ለምን እንደጠፋ የሚመዘግበው ቦታ አለው አይደል? እሱን ደምስሰው።

ይትባረክ፦ መደምሰስ ይቻላል። መደምሰሱንም ግን ይመዘግባል። ነገ ሌላ ባለሙያ ቢያየው የመጀመሪያ ጥያቄው "ማን ደመሰሰው" ነው። የኔ ስም ነው የሚወጣው፤ የርስዎ አይወጣም።

ትርሲት፦ አየህ? ለራስህ ስም ሲሆን ጠንቃቃ ነህ። አንተ ልጅ፣ ይህን ሆን ብለህ ነው ያደረግኸው። ዝውውርህን ስለከለከልኩህ ቂም ይዘህብኛል።

ይትባረክ፦ ባለቤቴ ሌላ ከተማ ስትወልድ እኔ እዚህ ነበርኩ። ልጄን ያየሁት ድክ ድክ ሲል ነው። "ለጊዜው የሚተካህ የለም" እያሉ ስንት ጊዜ መለሱኝ? ቂም የለኝም ብል ውሸት ነው።

ትርሲት፦ የሚተካህ አልነበረማ! አንተን ለቅቄ እነዚህን ማሽኖች ማን ይያዛቸው?

ይትባረክ፦ ይኸው ተያዙ።

ትርሲት፦ ታሾፍብኛለህ?

ይትባረክ፦ የለም። ደክሞኛል። ዳኛው ይጥሩኝ፣ ልናገር፣ ይለቅልኝ።

ትርሲት፦ ቆይ። ቆይ እስቲ። ይህ ያንተ ኮምፒውተር ጠዋት ስገባ በርቶ ነበር።

ይትባረክ፦ እና?

ትርሲት፦ አሁንም በርቷል። አንድም ጊዜ አልጠፋም። ሁሉም በአንድ መኪና አልመጡም? የችሎቱ ጠፋ። ያንተ ለምንድነው የማይጠፋው?

ይትባረክ፦ ሌሎቹም ገና ናቸው፤ እያንዳንዱ የተከፈተበት ቀን…

ትርሲት፦ ስለሌሎቹ አልጠየቅሁህም። ስለዚህ ነው የጠየቅሁህ። ጥግ ላይ ምንም ጽሑፍ የለውም። ደብቀኸው ነው ወይስ የለም?

ይትባረክ፦ የለም።

ትርሲት፦ ለምን?

ይትባረክ፦ ይህን ቀይሬዋለሁ። ባለፈው ወር። አንድ ትክክለኛ ላይሰንስ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ድሮ የገዛው። ማሽኑ ተቃጥሎ ላይሰንሱ ተርፎ ነበር።

ትርሲት፦ ስንት?

ይትባረክ፦ አንድ ብቻ።

ትርሲት፦ እሱንም ለራስህ።

ይትባረክ፦ ኔትወርኩን በሙሉ የምቆጣጠረው በዚህ ስለሆነ፣ ይህ ከጠፋ ደግሞ…

ትርሲት፦ ይትባረክ።

ይትባረክ፦ እሺ። ለራሴ።

ትርሲት፦ የችሎቱ ላይ ጭነኸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይጠፋ ነበር?

ይትባረክ፦ አይጠፋም ነበር።

ትርሲት፦ እዚህ ተቀምጠህ "እውነቱን እናገራለሁ፣ እውነቱን እናገራለሁ" ስትለኝ የቆየኸው ይህን ትተህ ነው? ዓይንህን በጨው ታጥበህ! የሚያልቅበትንም ቀን ታውቀው ነበር በለኛ!

ይትባረክ፦ ሐሙስ መስሎኝ ነበር።

ትርሲት፦ ሐሙስ ምን አለ?

ይትባረክ፦ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ። እርስዎ ፊት ፊት እየሄዱ "ችሎታችን ዘምኗል" እያሉ ሲያስጎበኙ ስክሪኑ ፊትዎ ላይ እንዲጨልም ነበር የፈለግሁት። የችሎቱን ለምረቃው ልምምድ ከሌሎቹ አስቀድመን መክፈታችንን ረሳሁት። ቀኑ የቀደመውም ለዚህ ነው።

ትርሲት፦ እኔን ልታዋርድ።

ይትባረክ፦ እርስዎን ብቻ።

ትርሲት፦ እርስዎን ብቻ ይላል! ምን እንደጠፋ ታውቃለህ? አንተ እዚህ ነበርክ። እኔ ችሎት ውስጥ ነበርኩ። እማማ አስካለ ከገጠር የመጡት ትናንት ነው፤ ማደሪያ አጥተው ጥበቃዎቹ ናቸው ዘመድ ቤት የወሰዷቸው። ልጃቸውን ባሏ ገደላት። ዓቃቤ ሕጉ ከሳቸው ሌላ በዓይኑ ያየ ሰው የለውም። መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው አይሰማም ነበር፤ ሰብሳቢ ዳኛው "ጮክ ይበሉልን እናቴ" አሏቸው። ከዚያ ተናገሩ። በሩን በትከሻቸው እንዴት እንደገፉት፣ ልጅቷ የት ወድቃ እንዳገኟት፣ በሰውየው እጅ ላይ ምን እንዳዩ። እሱን አንዴም ቀና ብለው ሳያዩ። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው አልነበረም። ስክሪኑ የጨለመው ያኔ ነው። እሳቸው ምን አሉ መሰለህ? "ልጆቼ፣ ምን ነክቼ ነው?" አሉ። እጃቸውን ከምስክር ሳጥኑ ላይ አንስተው ወደ ኋላ ሸሹ። ያበላሹት እሳቸው መስሏቸው ዳኞቹን ይቅርታ ጠየቁ።

ይትባረክ፦ እሳቸው ይቅርታ ጠየቁ?

ትርሲት፦ እሳቸው። ካንተም ከኔም ቀድመው።

ይትባረክ፦ …ይህን የኔን አሁኑኑ ነቅዬ ችሎት እተክለዋለሁ። ይህ አይጠፋም። ከሰዓት በዚህ ይጻፍ።

ትርሲት፦ ጠዋት ብታስበው ኖሮ ሰው ነበርክ።

ይትባረክ፦ ይሳደቡ። ግን ልጠይቅዎት፤ እርስዎ እንዲህ እያዩዋቸው፣ ለኚያ ሴትዮ ነው መብራት ሄደ የምንላቸው?

ትርሲት፦ ከሰዓት ተመልሰው እንዲናገሩ ካደረጋቸው፣ አዎ! ሰማይ ተደረመሰም እላቸዋለሁ። የሕግ ትምህርት ቤት የገባሁት ሪባን ለማስቆረጥ አልነበረም። ያ ሰውዬ ግን በኔ ፊርማ ምክንያት ከዚህ ግቢ ነፃ ሆኖ አይወጣም።

ይትባረክ፦ በርስዎ ፊርማና በኔ ቂም።

ትርሲት፦ እሱን ለራስህ ያዘው። ቆይ፣ ስልኬ ነው። አቤት ሠናይት። … ምን? መቼ? … እናንተ ዝም ብላችሁ አያችኋቸው? እሺ። እሺ፣ አታልቅሺ፤ ዝጊው።

ይትባረክ፦ ምን ሆነች?

ትርሲት፦ እማማ አስካለ ወጥተው ሄዱ።

ይትባረክ፦ ወዴት?

ትርሲት፦ ወደ መናኸሪያ። ሠናይት "ከሰዓት ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ይናገራሉ" አለቻቸው። "ልጄን አንዴ ቀብሬያታለሁ፣ ዛሬ እዚህ ደግሞ ቀበርኳት፤ ሦስተኛ አልቀብራትም" አሉና ነጠላቸውን አንስተው ተነሱ። ቀደም ብለው ማን እንዳጠፋው ጠይቀዋት ነበር። "መብራት ሄዶ ነው" ብላቸዋለች።

ይትባረክ፦ ማን እንደዚያ በይ አላት?

ትርሲት፦ እኔ ነኝ ያልኳት። ወደዚህ ስመጣ።

ይትባረክ፦ እሳቸውስ ምን አሉ?

ትርሲት፦ አምፖሉን ቀና ብለው አዩት አለች።

ይትባረክ፦ እሳቸው ካልተመለሱ ምን ይሆናል?

ትርሲት፦ ሰውየው ቤቱ ይገባል። ምናልባት ዛሬ ባይሆን በሚቀጥለው ቀጠሮ። በኃይል አስይዤ ላስመጣቸው አልችልም ብዬ አይደለም፤ እችላለሁ። ልጇ የሞተችባትን ሴት በፖሊስ አስጎትቼ "ድገሚው" ልበላት? አፏን ብትዘጋስ?

ይትባረክ፦ መኪናው አለ?

ትርሲት፦ ዳኞቹን ይዞ ምሳ ሄዷል።

ይትባረክ፦ በገበያው በኩል ባቋርጥ ከመሳፈራቸው በፊት እደርሳለሁ።

ትርሲት፦ ደርሰህ ምን ልትል ነው?

ይትባረክ፦ እናቴ፣ እርስዎ ምንም አልነኩም እላቸዋለሁ። መብራትም አልሄደም። እንደሚጠፋ እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይርገሙኝ፣ ከፈለጉ ይምቱኝ፣ ግን ቃልዎን ይዘው አይሂዱ እላቸዋለሁ።

ትርሲት፦ ለዳኛውስ?

ይትባረክ፦ ለዳኛውም ይኸንኑ። ጠበቃው ያለውን ይበል። ስለርስዎ ፊርማ አላነሳም፤ አይፍሩ። እሱን ትቼልዎታለሁ።

ትርሲት፦ ትቼልዎታለሁ? አንተ ለኔ ልትተውልኝ? ካንተ ውለታ ከምቀበል ይህን ሥራ ለቅቄ ቤቴ ብቀመጥ ይሻለኛል።

ይትባረክ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ባነሳው ይቆጣሉ፣ ብተወው ይቆጣሉ!

ትርሲት፦ ኮምፒውተሩን እኔና ሠናይት ተሸክመን ችሎት እናስገባዋለን፤ የትኛው ገመድ የት እንደሚገባ ብቻ ንገረኝ።

ይትባረክ፦ ሰማያዊው የስክሪኑ ነው፤ ሌሎቹ በሌላ ቀዳዳ አይገቡም።

ትርሲት፦ በል ምን ቆመህ ታያለህ? ሩጥ! ደግሞ ስማኝ፤ የኔንም ስም ሳትነግራቸው እንዳትመለስ።