አሮጌው ሌንስና የጥሩነሽ ሹሩባ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ፎቶ ማለት እንደዛሬው ስልክ አውጥቶ ጠቅ ማድረግ አልነበረም፤ ፊልም ነው፣ ያበላሸሃት አትመለስም። እና እኔ እዚሁ ላሊበላ ለገና የሚመጣውን ተሳላሚ ሳነሳ የኖርሁት በአንዲት ሌንስ ነው። ካሜራው ብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋው መጋረጃው ተቀዶ ከሞተ ቆይቷል። ሌንሷ ግን፣ ይቺውላችሁ፣ እዩዋት፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄያት አንድ ጭረት የላትም።

ጥሩነሽን መጀመሪያ ያየኋት በዚች ነው። ከሙጃ ከተማ ከእናቷ ጋር ለገና መጥታ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ። እናትየዋ "አንተ ልጅ፣ ለፎቶ ነው ወይስ ለሌላ ነው እንዲህ የምታፈጥ?" አሉኝ። "ሌንሱን እያስተካከልሁ ነው፣ እማማ" አልሁ። ውሸቴን ነው፤ አስተካክዬ ጨርሻለሁ። ያችን ፎቶ ኋላ አይጥ በላት።

ታዲያ አሁን፣ ተጋብተን ይሄን ሁሉ ዘመን ከኖርን በኋላ፣ ጥሩነሽ "ቆብ ልጫን ነው፣ ፍቀድልኝ" አለችኝ። መመንኮስ መልካም ነው፣ እንዴት እምቢ እላለሁ? ፈቀድሁ። ግን ስትመነኩስ ፀጉር ይላጫል። ያ ሹሩባ ሊሄድ ነው! "ሳትላጪ በዚችው ሌንስ አንድ ፎቶ ላንሳሽ" አልኋት።

"በምን ካሜራ? በባዶ መስታወት? በስልክ አንሳኝ።"

"ስልክ አያውቅሽም" አልሁ።

እሁድ ልትመነኩስ፣ ልጃችን አልማዝ ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ ሦስት አሮጌ ካሜራ በፌስታል ይዛልኝ መጣች። "አባዬ፣ ምረጥ!" አንደኛው የሚያብረቀርቅ ቆንጆ ነው፤ ያለ ባትሪ ግን አይንቀሳቀስም፣ ባትሪውም ከገበያ ጠፍቷል። ቆንጆ ሬሳ ነው ብዬ አስቀመጥሁት። ሁለተኛው የሌንሷን ጥርስ አልቀበል አለ። "ትንሽ ጫን በለው" ትለኛለች አልማዝ! "ልጄ፣ በግድ የገባ በግድ ነው የሚወጣ፤ ሁለቱም ይበላሻሉ" አልኋት። ሦስተኛው ቀለሙ የተላጠ፣ ድንጋይ የሚያህል፣ አስቀያሚ። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተጫንሁት፤ ቀጭ! አይጎተት፣ አይንተባተብ። መጋረጃውን ወደ ፀሐይ አየሁት፣ ቀዳዳ የለውም። እና ሌንሷ ዞራ ዞራ ልክክ!

"ይሄ ነው!" አልሁ።

"አባዬ፣ ከሁሉ አስቀያሚውን?"

ጥሩነሽ ከጓዳ ሆና "እኔም ባል የመረጥሁት እንዲሁ ነው" አለች።

ታዲያ በካሜራው ክዳን ዙሪያ ብርሃን የሚከለክለው ስፖንጅ እንደ ሬንጅ ቀልጧል። አርብን በክብሪት እንጨት ስፍቀው ዋልሁ። በቦታው ምን ላድርግ? የአባቴ ባና አለ፣ የጥቁር በግ ሱፍ። ከዳሩ ቆርጬ በማስቲሽ ለጠፍሁ፤ ስፈራ ደግሞ ሌላ ደረብሁበት። ፈሪ ነኝ፣ ታውቁኝ የለ?

ቅዳሜ ጥሩነሽ እንደ ሙሽራ ተሠርታ በር ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ኮስተር ብላ፣ ኋላ እየሳቀች፣ አነሳኋት። እሁድ ተላጨች፣ ቆብ ጫነች፤ እኔም ከዚያ ወዲያ "እማሆይ፣ እርስዎ" እላቸዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት አልማዝ ፊልሙን አዲስ አበባ ወስዳ ልታሳጥብ፣ መኪናው ሊነሳ፣ ወደ ማደሪያ ቀፎው ልጠቀልል ብዬ እጀታውን ባዞረው ድርቅ! ያ የደረብሁት ሱፍ ተፈትሎ ማዞሪያው ውስጥ ገብቷል። ብከፍተው ብርሃን ፊልሙን ይበላዋል። ፀጉሩ ደግሞ ተላጭቷል! ድጋሚ የለም! ባና ተከናንቤ ልክፈተው? ይሄ የቆርቆሮ ቤት በየሚስማሩ ቀዳዳ ፀሐይ ነው። እማሆይ ብድግ አሉና "ተነሣ፣ ወደ ዋሻው!" አሉኝ።

ያ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያሻግረው፣ ሲኦል ነው እያልን ያለ መብራት ግድግዳ ዳስሰን የምናልፈው ዋሻ አለ አይደል? ከዚያ የባሰ ጨለማ የት ይገኛል? ገባን። ጥግ ይዤ ክዳኑን ከፈትሁና ሱፉን በጥፍሬ መልቀም ጀመርሁ፤ እማሆይ ከፊቴ ቆሙ። ያን ጊዜ ተሳላሚ አይመጣ መሰላችሁ?

"መብራት እንዳታበሩ!" ብለው ጮኹ እማሆይ።

"በስመ አብ! ማነው?"

"ዝም ብላችሁ እለፉ!"

አንዲት ሴት "እናታችን፣ ስለ ኃጢአታችን ነው?" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"ስለ ፊልም ነው!" አልሁ እኔ።

"ይሄ ደግሞ ማነው?"

"ባሌ… ወንድሜ ነው!" አሉ እማሆይ።

አንዱ ጎረምሳ ደንግጦ ስልኩን ብልጭ አደረገ። "አጥፋ!" አልን በአንድ አፍ። አጠፋ፤ ግን ብልጭ ብሏል አንዴ። ፊልሙን በእጄ እያዞርሁ ወደ ማደሪያው መለስሁና ወጣን፤ አልማዝም ይዛ በረረች። ፎቶው እስኪላክ በየቀኑ መናኸሪያ ተመላለስሁ።

ታዲያ መጣ። አንደኛዋ ላይ ሹሩባው ፍትል በፍትል ይታያል። ሁለተኛዋን፣ የምትስቅባትን፣ ያ ብልጭታ ከግንባሯ በላይ ነጭ አድርጎ በልቷታል፤ ልክ ነጭ ቆብ የደፋች። እማሆይ ያችን አንሥተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ።

"እሷኮ የተበላሸች ናት" አልኋቸው።

"ለአንተ" አሉኝ።

ሹሩባው የሚታይባትን እኔ ወሰድሁ። ከሌንሷ ጋር ሳጥን ውስጥ ናት፤ አንዳንዴ ከፈት አደርገዋለሁ። ለሌላ እንዳይመስላችሁ! እርጥበት እንዳያገኛት ነው፤ ሌንስ ካልተናፈሰች ትሻግታለች።

(እማሆይ ከውስጥ፦ "በበጋውም በየቀኑ?" አሉ። እኛ ሰሚዎቹ ሁላችንም ሳቅን፤ ሽማግሌውም ሳጥኑን ዘጉ።)