የጋሽ ፈቃደ ፎቶግራፎች እንዴት ወደ ጋራ ማኅደር እንደገቡ

የዛሬ ሁለት ዓመት በሰኔ ወር፣ ሳጉሬ አካባቢ ከብት ስከትብ ውዬ ወደ አሰላ በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዝናቡ መስታወቱን ይደበድበዋል። ከበሩ አጠገብ ጎረቤቴ ጋሽ ፈቃደ በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ካርቶን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

ጋሽ ፈቃደን ዕድሜው ገፋ ያለ የአሰላ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። በደርግ ጊዜና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ፎቶ ቤት ነበራቸው። የተማሪውን የመታወቂያ ፎቶ፣ የሙሽራውን፣ የወታደሩን፣ የክርስትናውንና የኒካውን ሁሉ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ ካሜራ ያለው ስልክ ሲይዝ ግን ፎቶ ቤቱ ተዘጋ።

«ምን ይዘው ነው ጋሽ ፈቃደ?» አልኳቸው።

«እህቴ ቤት ያስቀመጥኩት ፎቶና ኔጋቲቭ ነው፣ ዶክተር አሰግድ። ጣሪያዋ አፍስሶ ግማሹ ተጣብቋል፣ ግማሹ ሻግቷል። የተረፈውን ላድን ብዬ ነው።»

ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት ሴት ወደ ፊት ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የተጣበቁትን በእጅ ለመለያየት እንዳይሞክሩ፤ ይቀደዳሉ» አለች።

ጋሽ ፈቃደ ቀስ ብለው ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ፎቶ ማጠብ የጀመርኩት እናትሽ ሳትወለድ ነው» አሏት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ፅዮን ትባላለች። ተወልዳ ያደገችው ደብረ ብርሃን ሲሆን ሳጉሬ በታሪክ መምህርነት ተመድባ ነው የመጣችው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሰላ እየወረደች የምትሠራው ሌላ ሥራ እንዳላትም ነገረችን።

«የቆዩ ፎቶግራፎችን እየቀዳን ኢንተርኔት ላይ ወዳለ የጋራ ማኅደር እናስገባለን» አለች። «ከየአገሩ ያለ ሰው ምስል ያስገባበታል፣ ማንም በነፃ ያየዋል። እኔ አዲስ ለሚመጡት አሠራሩን አሳያለሁ። እርስዎ የያዙት ካርቶን ደግሞ...»

«ፌስቡክ ነው የምትይኝ?»

«አይደለም ጋሼ።»

«ስሙ ይለያይ እንጂ ያው ነው» አሉ ጋሽ ፈቃደ፣ ካርቶኑን ጠበቅ አድርገው። «እኔ ያነሳሁትን የፈረሰኞች ፎቶ አንዱ ከሰው ቤት ግድግዳ ላይ ቀድቶ ለጠፈው። ከሥሩ የማላውቀውን አገር ስም ጻፈበት። የኔ ስም የለ፣ የፈረሰኞቹ ስም የለ። ያ ሁሉ ሰው ግን አደነቀው። ዝናብ ፎቶዬን ቢያበላሸው እንኳ ውሸት አይጽፍበትም።»

ብዙ ጊዜ ሰው አዲስ ነገርን እምቢ ሲል ከአላዋቂነት ነው እንላለን። እኔ በሙያዬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ክትባት አላስከትብም ያለኝን ገበሬ ቁጭ ብዬ ሳናግረው፣ አንድ ጊዜ መድኃኒት ነው ተብሎ በተሰጠው ነገር ላም ሞታበት አገኘዋለሁ። በደሉን ሳይሰሙ ምክር መስጠት ጊዜ ማባከን ነው። ፅዮን ይህን ሳታውቅ አልቀረችም፤ አላቋረጠቻቸውም።

«የደረሰብዎት በደል እውነተኛ ነው» አለች ሲጨርሱ። «እዚህ ማኅደር ላይ ግን እያንዳንዱ ምስል የራሱ ገጽ አለው። ማን አነሳው፣ የት፣ መቼ፣ ማን አስገባው የሚለው ይጻፋል። የተሳሳተ ነገር ቢኖር የሚያውቅ ሰው ያርመዋል።»

«ማንም ሰው?»

«ማንም።»

«ሰካራምም?»

«ሰካራምም» አለች ፅዮን እየሳቀች። «ግን ምን እንደለወጠ ይታያል፤ ያበላሸውም ወደ ቀድሞው ይመለሳል።»

«አንዱ ነጋዴ ወስዶ ካላንደር አሳትሞ ቢሸጠውስ?»

እዚህ ላይ ልጅቷ የምታለባብስ መስሎኝ ነበር። «ይችላል ጋሼ» አለች። «ስምዎን እስከጠቀሰና ምስሉ የተሰጠበትን የአጠቃቀም ፈቃድ ደንብ እስከጠበቀ ድረስ ለንግድም ሊጠቀምበት ይችላል። ለእርስዎ የሚከፈል ነገር የለም። አንዴ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ደግሞ ተውኩት ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው አስበው ይግቡ የምንለው።»

ጋሽ ፈቃደ በመስኮቱ ወደ ስንዴው ማሳ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ከገንዘቡ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። አንዲት ልጅ ለእጮኛዋ ልትልክ ብላ ተውሳ በለበሰችው ቀሚስ እኔ ዘንድ ተነስታለች። አንድ አባት ከታመመ ልጁ ጋር ተነስቷል። እነዚህ ሰዎች አምነውኝ ነው የመጡት። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ፊቱ ግን የእነሱ ነው። ይህንን ለዓለም ልዘርጋው?»

«አይዘርጉት» አለች ፅዮን ወዲያው። «የዚያ ዓይነቱ ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አይገባም። ግን ገበያው አለ፣ መንገዱ አለ፣ የፈረሰው ሕንጻ አለ፣ የአደባባይ በዓሉ አለ። ከእነዚያ እንጀምር።»

አሰላ መናኸሪያ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ካርቶኑን እየተጋገዝን ስንሄድ ጋሽ ፈቃደ፣ «ቅዳሜ ሄጄ አያለሁ። ለማየት ብቻ ነው» አሉኝ። «መጥፎ መጥፎውን ደብቃ ብትነግረኝ ኖሮ አልሄድም ነበር።»

ቅዳሜ ከእሳቸው ጋር ሄድኩ። በአንድ የወጣቶች ማዕከል ክፍል ውስጥ ሰዎች ስልካቸውንና ላፕቶፓቸውን ይዘው ተሰብስበዋል። ሰናይት የምትባል ነርስ ከፌስቡክ ያገኘችውን የድሮ አሰላ ፎቶ ልታስገባ ስትል ፅዮን አስቆመቻት። «ማን እንዳነሳው ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሰናይት አላወቀችም። «እንግዲያው የእኛ አይደለም። ራሳችን ያነሳነውን ወይም ባለቤቱ የፈቀደውን ብቻ ነው የምናስገባው» አለቻት።

ጋሽ ፈቃደ ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉት። ከኪሳቸውም በወረቀት የተጠቀለለ ፎቶ አወጡ። የገበያ ቀን ነው፤ የገብስ ኬሻ፣ የተሰበሰበ ሰው፣ ከፊት ለፊት ፈረስ የያዘ ረጅም ሰው ይታያል።

ፅዮን ስካነሩን አሳየቻቸው። ፎቶው ላይ ያለውን ጭረት በኮምፒዩተር ታጠፋው እንደሆነ ጠየቋት። «እንዳለ ይግባ፤ ማሳመር የፈለገ ቅጂውን ያሳምር» አለቻቸው። የምስሉን መረጃ እየሞሉ ቀኑ ላይ ሲደርሱ ግን ተጨነቁ።

«ዓመተ ምሕረቱን አላስታውስም። ምን ልጻፍ?»

«ሰባዎቹ አጋማሽ ገደማ ብለው ይጻፉ። አለማወቅ ነውር የለውም፤ እንደሚያውቁ አስመስሎ መጻፍ ነው ጥፋቱ።»

ቦታው ላይ ግን አላመነቱም። «ሳጉሬ ገበያ» ብለው ጻፉ። ፎቶ አንሺ በሚለው ሙሉ ስማቸውን ሞሉ። ከዚያ የማስገቢያውን ቁልፍ ሊጫኑ ጣታቸውን አንስተው፣ «ከዚህ በኋላ መመለስ የለም?» አሉ።

«የለም ጋሼ።»

ተጫኑት።

ነሐሴ ሳያልቅ አንድ ቀን እቤታቸው ተቀምጠን ስንጫወት ፅዮን ስልኳን ይዛ መጣች። ፊቷ ላይ ፍርሃት ቢጤ ይታያል። «ጋሼ፣ የፎቶው ገጽ ላይ አስተያየት ተጽፏል» አለችና አነበበች።

«ይህ ገበያ ጢቾ እንጂ ሳጉሬ አይደለም። ከኋላ የሚታየው የአጎቴ ወፍጮ ቤት ነው። ፈረስ የያዘው ሰው አባቴ ይመስለኛል። ከሊፋ ቱሳ።»

ጋሽ ፈቃደ ከወንበራቸው ተነሱ። «ያነሳሁት እኔ! እሱ ያኔ ተወልዶ ነበር? ይኸው፣ ማንም ያርመዋል ያልሽኝ ይህ ነው?»

«ይከራከሩት። ምክንያትዎን ጽፈው ይመልሱለት» አለች ፅዮን በትሕትና።

ጋሽ ፈቃደ ካርቶኑን ሳቡና ኔጋቲቩን ፈልገው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጉት። በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ አዩ። ከገበያው ቀጥሎ ያለው ምስል ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ተማሪዎች ተሰልፈው ከኋላቸው የትምህርት ቤት ሰሌዳ ይታያል። መነጽሩን ለእኔም ሰጡኝ። ሰሌዳው ላይ ጢቾ የሚል ተጽፏል።

«ጢቾ ነው» አሉና ቁጭ አሉ። «ያን ሰሞን በሁለቱም ከተማ ሳነሳ ነበር። ደባልቄዋለሁ።»

እኔ ነገሩ እዚህ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ በሰው ፊት መታረም ቀላል አይደለም። ጋሽ ፈቃደ ግን ቀና ብለው፣ «ካርቶን ውስጥ ቢቀር ኖሮ ስህተቴን ይዤው እቀበር ነበር» አሉ። «እኔ የፈራሁት ሰው ውሸት ይጽፍብኛል ብዬ ነው። ለካ ሰው እውነቱንም ይጽፍልኛል። በይ አሳዪኝ፣ ራሴ ላርመው።» አርመው ሲጨርሱ ከሥሩ ለአቶ ከሊፋ ምስጋናቸውን ጻፉላቸው፣ ስልክ ቁጥራቸውንም በፅዮን በኩል ሰጧቸው።

አቶ ከሊፋ ጢቾ ላይ እህል ይነግዳሉ። በሳምንቱ እናታቸውን አዴ ሩቂያን ይዘው አሰላ ድረስ መጡ። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ስለነበር መልካቸውን አያስታውሱም፤ እቤታቸውም አንድ ፎቶ እንኳ አልነበረም። ጋሽ ፈቃደ ምስሉን አሳጥበው፣ ትልቅ አድርገው አዘጋጅተው ጠበቋቸው።

አዴ ሩቂያ ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። አዩትና ድንገት ሳቁ። በኦሮምኛ ተናገሩ። ፅዮን ቋንቋውን ገና እየተማረች ስለነበር ጋሽ ፈቃደ ተረጎሙላት። «እሱ ነው። ሰው ሲያየው እንዲህ አገጩን ያነሳል። ልጓሙንም በግራ ነው የሚይዘው፣ ቀኝ እጁን ፈረስ ረግጦት ነበር፤ ነው የሚሉት።» አቶ ከሊፋ ፎቶውን ከእናታቸው እጅ ሳይወስዱ በትከሻቸው በኩል አጎንብሰው ሲያዩ ቆዩ። አገጫቸው የአባታቸው አገጭ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ፈቃደ አዴ ሩቂያ ፊት ቀርበው፣ በኦሮምኛ ጠየቋቸው። «ይህን ምስል ዓለም ሁሉ ሊያየው የሚችል ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ገበያ ነው ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም። አሁን ፊቱ የማን እንደሆነ ታውቋል። አልፈልግም ካሉ እንዲነሳ እናመለክታለን፤ ማኅደሩን የሚያስተዳድሩት እሺ ይበሉን አይበሉን ግን ቃል ልገባልዎት አልችልም።»

አሮጊቷ አሰቡ። «ሰው ቢያየው ምን ይሆናል? ይዩት» አሉ። «ግን ስም እንደሌለው ሰው አድርጋችሁ አትተዉት። ስሙ ቱሳ ነው። ፈረሱም ስም አለው፤ ዳማ ነው የሚባለው።»

ፅዮን እዚያው ጻፈችው፤ አቶ ከሊፋም ያንኑ በኦሮምኛ ጨመሩበት። «ቱሳ ከፈረሱ ከዳማ ጋር፣ ጢቾ ገበያ።»

ይህን ታሪክ የጻፍኩት ብዙ ቤት ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ላይና አልጋ ሥር፣ እንደዚህ ያለ ካርቶን እንዳለ ስለማውቅ ነው። የደጋው እርጥበት አይምራቸውም። ፎቶውን መቅዳት ዋናውን አያሳጣም፤ ዋናው ከእናንተው ጋር ይቀራል። ምስሉ በብዙ ዓይን ፊት ሲሆን እኛ የረሳነውን ሌላው ያስታውሰዋል፣ የሳትነውን ያቃናዋል፤ የፅዮን ተማሪዎች ዛሬ የአገራቸውን ገበያ የሚማሩት ከዚያው ነው። ጥንቃቄው ደግሞ የጋሽ ፈቃደ ነው። የራስ ያልሆነውን አለማስገባት፣ ያላወቁትን አላወቅኩም ማለት፣ የፊቱን ባለቤት ወይም ወገኑን ማስፈቀድ።

ጋሽ ፈቃደ አሁን ቅዳሜን አያስቀሩም። አዲስ የመጣ ሰው ሲኖር ፅዮን ወደ እሳቸው ትልከዋለች። ባለፈው ወይዘሮ ቦጋለች የሚባሉ እናት የባላቸውን ፎቶ በመሐረብ ጠቅልለው መጥተው፣ «ምን ምን ነው የምጫነው?» ብለው ስልካቸውን ዘረጉላቸው።

ጋሽ ፈቃደ ስልኩን ወደ ጎን አደረጉና ወንበር ሳቡላቸው።

«እሱ ይደርሳል» አሏቸው። «መጀመሪያ ይቀመጡና ስለሳቸው ያጫውቱኝ።»