የበጉ ጌታና የአባ መብረቅ ጥበቃ

ሰው ዳኛ ጠልቶ ጉልበተኛ ሲወድ እንደማየት የሚያበግነኝ ነገር የለም። ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የጉልበተኞችን ሥራ ቁስል ሳጥብ አውቀዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ ስንሄድ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ወረድን። እኔም ከአቶ አባይነህ ጋር መንገድ ዳር ተቀመጥሁ። የገብስ ገበሬና የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው። አብራቸው የወንድማቸው ልጅ እፀገነት ነበረች፤ የታሪክ መምህርት ናት።

ጨዋታው የተነሣው ከአባ መብረቅ ነው። እውነተኛ ስሙ ይሥሐቅ ሲሆን፣ የበግ ሌባ ሲበዛ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ሰፈሩን መጠበቅ የጀመረ ጎረምሳ ነው። የፈረስ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ፈረስ ግን የለውም።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ሥልጣን ልንሰጠው ነው» አሉ አቶ አባይነህ። «ሌባ ከያዘ ራሱ ይቅጣ፤ ሽማግሌም ፖሊስም አይጠይቅ። የመጀመሪያውን ቃል የምሰጠው እኔ ነኝ።»

«አጎቴ፣ ይህን ደግሞ ከየት አመጡት?»

«ከልጆቹ ስልክ። በፊልም አንድ ጭንብል ለባሽ ሕግ እያፈረሰ ከተማውን ሲያድን አየሁ። ክፉ ነው፤ ክፋቱ ግን በክፉዎች ላይ ነው። ፖሊስ እስኪመጣ እኮ በጉ ተበልቶ ያልቃል፣ ልጄ!»

«በፊልም ላይ ሌባው ማን እንደሆነ ደራሲው አስቀድሞ ያሳየናል፤ ስለዚህ ሲደበደብ ደስ ይለናል። ለይሥሐቅ ማን አሳየው?»

«ዓይን አለው።»

«ዓይንማ ሁላችንም አለን! የአያትዎ ዘመን ሰዎች ሽፍታ ፈርተው ሌላ ሽፍታ ጠባቂ እንዳደረጉ የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም? ሽፍታው ሲጠፋ ጠባቂው ሄደ?»

«የት ይሄዳል! እሱም ልጁም ገብሳችንን ሲበሉ ኖሩ።»

«ታሪክ ሁሉ እንዲሁ ነው፣ አጎቴ። ሰው ይፈራል፤ አንዱ ‹እኔ አለሁላችሁ› ይላል፤ ዳኛው ይሰናበታል። ጠላት ያልቃል፤ ጠባቂው ግን አያልቅም።»

«ይሥሐቅ እንደዚያ አይደለም። የክርስትና ልጄ ነው!»

ወይ ጣጣ! ጉልበተኛ ሁሉ የአንድ ሰው የክርስትና ልጅ መሆኑን እኚህን ሰው ማን ያስረዳቸው?

«ይሁን፣ ደግ ነው እንበል» አለች እፀገነት ትዕግሥቷ እያለቀ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል አልሰሙም?»

ወዲያው የአቶ አባይነህ ስልክ ጮኸ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጌታነሽ ነበሩ። አባ መብረቅ ሌባ መያዙንና ከሌባው ጋር የተገኘው በግ ጆሮ ላይ የእነሱ ምልክት እንዳለ በደስታ ነገሯቸው።

«ሌባው ማነው?»

«ነጋዴው ሽኩር!»

የአቶ አባይነህ ፊት አመድ መሰለ። «ሽኩር? ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው እንጂ ያን በግ እኮ ሐሙስ ገበያ የሸጥሁለት እኔ ነኝ!»

መንደሩ ሩቅ አልነበረምና በእግራችን ገሠገሥን። ሽኩር ከባሕር ዛፍ ጋር ታስሮ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ይደማል። አባ መብረቅ ዱላውን ይዞ ከፊቱ ቆሟል፤ ሰፈሩም ቆሞ ያያል።

«ፍታው! እኔ ነኝ የሸጥሁለት!» አሉ አቶ አባይነህ እያለከለኩ።

«አባባ፣ አዝነውለት ነው። ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

«የበጉ ጌታ እኮ እኔ ነኝ!»

«ጠባቂው ደግሞ እኔ ነኝ» አለና ዱላውን ክርስትና ባነሡት ሰው ላይ አነሣ።

እፀገነት ክንዱን ያዘች። ያን ጊዜ ነው ቆሞ የሚያየው ሁሉ ነፍስ የዘራው፤ ተረባርበው ዱላውን ቀሙት። አቶ አባይነህ ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈቱ፤ እኔም ከቦርሳዬ መርፌና ክር አውጥቼ የሽኩርን ከንፈር ሰፋሁ። አቶ አባይነህ በሽኩር እግር ላይ ወድቀው ይቅርታ ሲለምኑ ማየት ግን ከቁስሉ ይልቅ አሳመመኝ።

በማግሥቱ በስብሰባው የመጀመሪያውን ቃል የሰጡት እሳቸው ናቸው። ጥበቃው በየቤቱ ተራ እንዲሆን፣ ጠባቂ ፊቱን እንዳይሸፍን፣ የተያዘ ሰው ሳይነካ በሽማግሌ ፊት ለፖሊስ እንዲሰጥ፣ ዱላ የሚያነሣ ሰው ይሥሐቅም ቢሆን እንዲከሰስ ተናገሩ። እንዲህ ከሆነ ነጋዴው ሳይፈራ ገበያችን ይመጣል፤ ድሀውም በጥርጣሬ አይገረፍም፤ በጉንም ከአንድ ሰው ይልቅ የመንደሩ ዓይን ሁሉ ይጠብቀዋል።

«ሌባው ቢያመልጥስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ያምልጥ!» አሉ አቶ አባይነህ ተቆጥተው። «ሌባ ሲመጣብኝ እናንተን እጣራለሁ። ትናንት ጠባቂዬ ዱላ ሲያነሣብኝ ግን ማንን ልጥራ? እናንተ እንደሆናችሁ ቆማችሁ ታዩ ነበር።»