በሦስተኛ ማርሽ

(ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው ዳገት፣ ከቀትር በኋላ፤ ሲሚንቶ በጫነ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ውስጥ መሪውን ዘይነባ ይዛለች፣ ከጎኗ ሽማግሌው መካኒክ ጋሽ ወንድይፍራው ተቀምጠዋል፤ ፒክአፑ ከስምንት ወር በፊት የሞተው የወንድሟ የሙሄ ነበር።)

ወንድይፍራው፦ አልነካውም ብያለሁ፣ አልነካውም! ዳገት አውጥተሽ ብትለምኚኝ፣ ቁልቁል አውርደሽ ብትለምኚኝ፣ መልሴ ያው ነው።

ዘይነባ፦ ምን አስቸገርኩዎት፣ ጋሼ? ዲስትሪቢውተሩን ትንሽ ዞር ያድርጉልኝ ነው ያልኩት። ካንዴላው ቀደም ብሎ እሳት ይስጥ፣ መኪናውም ጉልበት ያግኝ። ለሙሄ አድርገውለት የለም እንዴ?

ወንድይፍራው፦ ለሙሄ አድርጌ የሆነውን አየሽው አይደል?

ዘይነባ፦ እኔ ያየሁትማ መቃብሩን ነው።

ወንድይፍራው፦ አብሽሪ፣ ልጄ። እንዲያ ማለቴ አይደለም።

ዘይነባ፦ እንዴት ማለትዎ ነው ታዲያ?

ወንድይፍራው፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለቴ ነው። ጉልበት፣ ጉልበት ትላላችሁ። ሞተር እንደ በሬ ነው፤ ጅራፍ ስታሳዪው ይስባል፣ ስታበዢበት ይተኛል።

ዘይነባ፦ እሺ፣ አይንኩት። ግን ያዳምጡልኝ። ለዚሁ ብዬ አይደል ስድስት ኩንታሉን ኩታበር ሳራግፍ አብረውኝ ይምጡ ያልኩዎት? ይኸው በሦስተኛ ማርሽ ይዤዋለሁ። ጆሯቸው አይስትም እያለ ያገሩ ሾፌር ሁሉ ይምልብዎት የለ?

ወንድይፍራው፦ ርገጪው በይ። ሙሉውን።

ዘይነባ፦ ረግጬዋለሁ። ከዚህ በላይ ብረግጥ እግሬ አስፋልቱን ይነካል።

ወንድይፍራው፦ ዝም በይ፣ ላዳምጥ። … እህ። ንጹህ ነው። ምን ሆነ ብለሽ ነው? ሐር የመሰለ ሞተር ይዘሽ ታማርሪያለሽ።

ዘይነባ፦ ምንም የሚያንኳኳ ነገር የለም?

ወንድይፍራው፦ ምን ሊያንኳኳ? ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ኮፈን ሳልከፍት በሽታውን የተናገርኩ ሰው ነኝ። የዛሬ ልጆች የእሳቱን ሰዓት መብራት እያበሩ ነው አሉ የሚለኩት። ሞተር በመብራት የሚለካ የጆሮ ድሃ ነው!

ዘይነባ፦ ያቺ ልብስ የምታሰጣ ሴትዮ ለምን ዞራ ያየችን ይመስልዎታል?

ወንድይፍራው፦ ሴት መሪ ይዛ ብታይ ነዋ።

ዘይነባ፦ ይሁን። ያ አህያ የሚነዳው ሽማግሌስ? እሱ ምን አስደነገጠው?

ወንድይፍራው፦ አህያው እንዳይቀድመን ሰግቶ ይሆናል። ቀስ አልሽ እኮ፤ ርገጪው እንጂ!

ዘይነባ፦ ሳቅም ያውቃሉ ለካ። እኛ ቤት ለቅሶ ሳይመጡ ሲቀሩ፣ ጋሼ ሐዘኑ ጎዳቸው ብለን ነበር።

ወንድይፍራው፦ አሞኝ ነበር። ሰው ልኬ የለም?

ዘይነባ፦ መጣ እንጂ ሰውዎ። ድንኳን ውስጥ፣ እማ ፊት ቁጭ ብሎ፣ "ጋሽ ወንድይፍራው ቆላ ስትወርድ ዲስትሪቢውተሩን ወደ ቦታው መልሰው ብለውት ነበር፤ ልጁ ምክር ንቆ ነው" ብሎ ተናገረ።

ወንድይፍራው፦ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ…

ዘይነባ፦ አድርጎዎታል እኮ! እማ ከዚያ ቀን ወዲህ ምን እንደምትል ያውቃሉ? "በበሽታ ቢሞትብኝ ደረቴን እመታ ነበር፤ በትዕቢቱ ለሞተ ምን ብዬ ላልቅስ?" ትላለች። ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ ታፍራለች። ስሙ ሲነሳ ተነስታ ትወጣለች። እርስዎ እንባዋን ነው የወሰዱባት።

ወንድይፍራው፦ ምን ላድርግ ታዲያ፣ ነገሩ እንዲያ ነዋ። እዚህ ደጋው አየሩ ስስ ነው፤ እሳቱ ቢቀድም ሞተሩ ይችለዋል። ቆላ ግን በዚያ ሙቀት ጭነት ሲጨመርበት እሳቱ ሳይደርስ እየፈነዳ የፒስተኑን አናት ይቀጠቅጠዋል። ሲብስ ይበሳዋል። ይሄን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል።

ዘይነባ፦ ሙሄም ያውቀው ነበር። መኪናውን ጎትተን ስናመጣው ሌላ መካኒክ ሞተሩን ከፍቶ አዲስ ፒስተን ሲያስገባ የተበሳውን አሳየኝ። ትንሿ ጣቴ በቀዳዳው ትገባለች። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ እርሻዎቹ በሚወስደው ጥርጊያ ላይ ነው የቆመበት። በዚያ ሙቀት ውሃ ፍለጋ በእግሩ ሄደ፣ ጥሙ ጣለው። እና ያገኙት…

ወንድይፍራው፦ ተይው። ግራሯ ስር። አውቃለሁ።

ዘይነባ፦ በምን አወቁ? ለቅሶ አልመጡ።

ወንድይፍራው፦ ጠይቄ ነዋ። ሄጄም አይቻታለሁ። … ማርሽ ቀይሪ፣ ኩርባ ነው።

ዘይነባ፦ አልቀይርም። በሦስተኛ ነው የምወጣው። አሁንስ? ምን ይሰማዎታል?

ወንድይፍራው፦ ንጹህ ነው አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልማልልሽ?

ዘይነባ፦ አይማሉ። ዲስትሪቢውተሩን ዛሬ ጠዋት ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ወንድይፍራው፦ ምን አልሽ?

ዘይነባ፦ በቁጥር አሥራ ሁለት ቁልፍ። ብሎኑን አላልቼ፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህል ወደፊት ወሰድኩት። አዟዟሩን ሙሄ ነው ያሳየኝ። ከጋራዥዎ ከወጣን ጀምሮ ይሄ ሞተር ጠጠር እንደገባበት ጣሳ እየተንቀጫቀጨ ነው፣ ጋሼ። ሴትዮዋ ሰምታለች፣ ሽማግሌው ሰምቷል፣ አህያውም ጆሮውን ቀጥ አድርጓል። ከእርስዎ በቀር ያልሰማ የለም።

ወንድይፍራው፦ እግርሽን አንሺለት። ሞተሩን ትገድዪዋለሽ።

ዘይነባ፦ አላነሳም። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ወንድይፍራው፦ ምኑ?

ዘይነባ፦ ምኑ እንደሆነ ያውቁታል።

ወንድይፍራው፦ … ሦስት ዓመት አለፈው። መጀመሪያ የጠፉኝ ወፎቹ ናቸው። ጋራዡ ጣሪያ ላይ ድንቢጦች ነበሩ፤ ቦታ ለቀው ሄዱ ብዬ ነበር። አንድ ጠዋት ቀና ስል አሉ። አፋቸው ይከፈታል፣ ድምፅ የለም። ወፍራሙን እሰማለሁ። አንቺን እሰማለሁ። ያቺን ቀጭኗን፣ የብረቷን ነገር ነው ያጣኋት።

ዘይነባ፦ እና ለሰው አልተናገሩም?

ወንድይፍራው፦ ጆሮው ለጠፋ መካኒክ ማን መኪናውን ይሰጠዋል? እኔ ሌላ ምን አለኝ? በእጄ እየዳሰስኩ፣ በልምድ እሸፍነዋለሁ አልኩ። ሸፈንኩትም። ሙሄ እስኪመጣ ድረስ።

ዘይነባ፦ መልሰው ብለውታል?

ወንድይፍራው፦ ዘይኑ…

ዘይነባ፦ እሱ ነበር ዘይኑ የሚለኝ። ቆላ ስትወርድ ወደ ቦታው መልሰው ብለውታል ወይ?

ወንድይፍራው፦ አላልኩትም። እዚሁ ዳገት ላይ ነው የፈተንነው። አንቺ በተቀመጥሽበት እሱ ነበር። "ጋሼ፣ የሚቆረጥም ነገር አለ" አለኝ። ሳቅሁበት። "ሂድ፣ ጆሮህን ታጠብ" አልኩት። "ንጹህ ነው፤ ደጋም ቆላም ንዳው" አልኩት። የተናገርኩት ይሄንን ነው።

ዘይነባ፦ ከእርስዎ ዘንድ ሲመለስ ግቢ ውስጥ ሞተሩን እያስጮኸ ጠራኝ። "ይሰማሻል?" አለኝ። ይሰማኛል አልኩት። "እኔም ይሰማኛል፤ ግን ጋሼ ንጹህ ነው ብለዋል። የሳቸውን ጆሮ ትቼ የኔን ላምን ነው?" ብሎ ኮፈኑን ዘጋው። እኔም አፌን ዘጋሁ። ስንቁን ቋጥሬ ሸኘሁት።

ወንድይፍራው፦ አውቆት ነበር ማለት ነው። መንገዱን ሁሉ ያ ድምፅ እየተከተለው፣ እኔን ብሎ…

ዘይነባ፦ እርስዎን ብሎ።

ወንድይፍራው፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደኝ። የማይመስል ነገር ልንገርሽ? ሞተር ሲነሳ አይሰማኝም። የሚሰማኝ ሁሉ ሲጠፋ ነው። ሠራተኞቹ ለምሳ ይወጣሉ፣ ጋራዡ ጭር ይላል፣ ያን ጊዜ ይጀምራል። ትክ ትክ ትክ። ከዳገቱ በኩል ይመጣል፣ በሩ ድረስ ይደርሳል። እነሳና እከፍታለሁ። "ሙሄ፣ አጥፋው፣ አትውረድ" እላለሁ። የቆመ መኪና የለም። እጄን አውለብልቤ እመለሳለሁ። ይሄንን ደግሞ አበደ ሳይባሉ ለማን ይነግሩታል? ጋራዡን ነገ እዘጋዋለሁ። ብትፈልጊ ፖሊስ ጋ ውሰጂኝ፤ ያልኩሽን እደግመዋለሁ።

ዘይነባ፦ ፖሊስ ለእማ እንባዋን አይመልስላትም።

ወንድይፍራው፦ እሷን ተይኝ። ሌላ ያልሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ። አንዲት እናት ፊት ቆሜ ያን ቃል… አልችልም፣ ልጄ። ለዓመቱ ሶደቃ እመጣለሁ። አራት ወር ቀርቶት የለ? እስከዚያ ልቤን ላበርታ። ሰው መሀል ሲሆን ይቀለኛል።

ዘይነባ፦ ውሸቱም ሰው መሀል ነበር የተነገረው፤ ለእማ ቀለላት? … እጀታውን ይያዙ። ልንታጠፍ ነው፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው።

ወንድይፍራው፦ ወዴት ነው በዚህ? ሲሚንቶው ኩታበር ነው የሚራገፈው አላልሽኝም?

ዘይነባ፦ ሲሚንቶው የትም አይራገፍም። ሞተሩ እንዲጨነቅ ብዬ ከጎረቤት የተዋስኩት ነው።

ወንድይፍራው፦ አዙሪው። ዘይነባ፣ አዙሪው! እሺ፣ አታዙሪው፤ ሞተሩን ብቻ አጥፊው። ወርጄ ወደ ቦታው ልመልስልሽ። እንዲህ እየጮኸ እናንተ ግቢ አይገባም።

ዘይነባ፦ እንዲህ እየጮኸ ነው ከዚህ ግቢ የወጣው። ከዚያ ወዲህ ይሄ ድምፅ እዚህ ሰፈር ተሰምቶ አያውቅም።

ወንድይፍራው፦ በሩ ላይ… ያቺ ሴትዮ ማን ናት? ባዶ እግሯን ለምን ትሮጣለች?

ዘይነባ፦ እማ ናት። ሙሄ የመጣ መስሏት ነው። ይውረዱ፣ ጋሼ፤ ማን እንደመጣ እርስዎ ይንገሯት።