አውራዋ ንብ

ከመካነ ሰላም ወጣ ብዬ ገበሬዎችን ንብ ማነብ ሳሠለጥን፣ ሼህ ይመር የሚባሉ አዛውንት ገጠሙኝ። የዕድሜ ልክ ንብ አንቢ ናቸው፤ ማር የሚቆርጡት ግን ንቦቹን በእሳት እየለበለቡ ነው። «ካልተቃጠለች ማሯን አትለቅም፣ ልጄ» አሉኝ። ሳልከራከር ዘመናዊውን ቀፎ ከፍቼ፣ ጥቂት ጭስ ነፍቼ፣ አውራዋን አሳየኋቸው። እንቁላል እየጣለች ነበር።

«አውራው ወንድ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ሴት ናት፤ ቀፎ ሙሉ ልጆቿ ናቸው» አልኋቸው።

ሼሁ ቀስ ብለው «ወላሂ፣ ስንቷን እናት አቃጠልሁ» አሉ። ቀጥለውም «ነገ እኔ ዘንድ ነይ፤ የደረሰ ማር አለኝ» አሉኝ። በማግስቱ ጭሱን እኔ እየነፋሁ ማሩን እሳቸው ቆረጡ። ንቦቹ ወደ ቀፏቸው ሲመለሱ ቆመው አዩና «አልሐምዱሊላህ» አሉ።